የፍስኩ ቀን ሲቀር

ከእንስሳት የሚገኝ ምግብ እንደማልበላ የሚሰማ ሰው፣ ዘመድም ይሁን የሥራ ባልደረባ፣ ብዙውን ጊዜ «ታዲያ ይሄ የእኛው ጾም አይደል እንዴ?» ይለኛል። አባባሉ ብዙ እውነት ስላለው ልቃወመው አልፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1944 በእንግሊዝ አገር ጥቂት ሰዎች ተሰባስበው የቪጋን (ከእንስሳት የሚገኝ ምግብ ጨርሶ የማይበላ ሰው) ማኅበር ሲያቋቁሙ፣ ሥጋና ዓሣን ብቻ ሳይሆን ወተት፣ ቅቤ፣ አይብና እንቁላልንም የተወ አመጋገብ በአገራቸው እንግዳ ነገር ነበር። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የሚኖሩ ቤተሰቦች ግን እንዲህ ያለውን ገበታ ረቡዕና ዓርብ፣ በሁዳዴ 55 ቀናት፣ ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና፣ በሐዋርያት ጾምና በፍልሰታ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲያዘጋጁ ኖረዋል። ጾሞቹን ሁሉ አጥብቆ የሚይዝ ሰው ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን ወይም ከዚያም የሚበልጠውን ከሥጋና ከወተት ርቆ ያሳልፈዋል።

ይሁን እንጂ ጾም የሚፈታበት ቀን አለው። ሁዳዴ በፋሲካ ይፈታል፤ ከፋሲካ በኋላ ባሉት ኀምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾሙም። በእነዚያ የፍስክ ቀናት የሚበላው እንቁላል፣ የሚጠጣው እርጎና የዶሮው ወጥ ምላስን ከማስደሰት ያለፈ ሥራ ይሠራሉ፤ ሰውነት ከዕፅዋት ሊያገኘው የማይችለውን ነገር ጨምረው ለመጪው ጾም ስንቅ ያስይዙታል። የፍስኩን ቀን ጨርሶ የተወ ሰው ያ ስንቅ ከየት እንደሚመጣለት አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ጾምን በሚገባ የምናውቅ ሰዎች የቪጋንን አመጋገብ አብዛኛውን ክፍል እናውቀዋለን፤ የማናውቀው ትንሹ ክፍል ግን ጤናን የሚያቃውሰው ክፍል ነው። ለዚህም ነው ለጀማሪ የሚሆን ነገር ጻፍ ስባል ከምግብ አሠራር ዝርዝር ይልቅ ይህን ማስቀደም የመረጥሁት። ጾም ጸሎትና ምጽዋት፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ መቆየት ያለበት መንፈሳዊ ሥርዓት መሆኑን አልዘነጋም፤ እዚህ የምናገረው ገበታው ላይ ስለሚቀርበው ምግብ ብቻ ነው።

እኔን ወደዚህ አመጋገብ ያመጣኝ የቤተሰባችን ታሪክ ነው። በአባቴ ወገን የልብ ሕመም የቆየ ነው፤ እኔም በመደበኛ ምርመራ መጥፎው የሚባለው ኮሌስትሮል ከፍ ብሎ ተገኝቶብኝ ነበር። ሐኪሙ ቅቤና ቀይ ሥጋ እንድቀንስ ሲመክረኝ፣ በሁዳዴ ወራት ሰውነቴ የሚሰማውን ቅለት አስታወስሁና መቀነሱን ትቼ ወደ መተው ሄድሁ። በኋላ ላይ ለእንስሳት ያለኝ ስሜትም ተጨመረበት፤ ዛሬ ሁለቱን ምክንያቶች መለየት አልችልም።

ኮሌስትሮል እንዴት እንደሚቀንስ ማወቁ በመንገዱ ለመጽናት ይረዳል። በቅቤና በቀይ ሥጋ ውስጥ በብዛት ያለው የሚረጋ ስብ ጉበት መጥፎውን ኮሌስትሮል ከደም ውስጥ የማንሣት አቅሙን ያዳክምበታል። በምስር፣ በባቄላ፣ በአጃና በገብስ ውስጥ ያለው የሚሟሟ አሰር ደግሞ ጉበት ለምግብ መፍጫ ወደ አንጀት የሚልከውን ሐሞት እየያዘ ይዞት ይወጣል፤ ጉበትም አዲስ ሐሞት ለመሥራት ኮሌስትሮልን ከደም ይስባል። እ.ኤ.አ. በ2023 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። 22 ጥንድ ተመሳሳይ መንትዮችን ወስደው ለስምንት ሳምንት አንደኛው የቪጋን ምግብ፣ ሌላኛው ሥጋ ያለበት ነገር ግን ጤናማ የሆነ ምግብ እንዲበላ አደረጉ። የቪጋኖቹ መጥፎ ኮሌስትሮል በአማካይ ከ110.7 ወደ 95.5 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ሲወርድ፣ የሌሎቹ እምብዛም አልተለወጠም። መንትዮቹ በዘር አንድ ስለሆኑ «የእሱ ደም ከእኔ ይለያል» የሚለው ምክንያት እዚህ ላይ አይሠራም። ስምንት ሳምንት ከሁዳዴ አንድ ቀን ብቻ እንደሚበልጥ ሳስብ፣ ጾመኛ ሕዝብ ይህን ጥናት በተለየ ዓይን ሊያነበው እንደሚችል ይሰማኛል።

ስለ ስኳር በሽታም ጠንካራ መረጃ አለ። በአሜሪካና በካናዳ የሰባተኛ ቀን አድቬንቲስት ምእመናን ላይ በተደረገው ትልቅ ጥናት፣ ከቪጋኖቹ መካከል ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ያለባቸው 2.9 በመቶ ሲሆኑ፣ ሥጋ ከሚበሉት መካከል ግን 7.6 በመቶ ነበሩ። የክብደትና የአኗኗር ልዩነት ተሰልቶ ሲወጣ ልዩነቱ ጠበበ እንጂ አልጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋምም እ.ኤ.አ. በ2015 እንደ ቋሊማ ያሉ በፋብሪካ የሚዘጋጁ ሥጋዎችን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትሉ ከተረጋገጠባቸው ነገሮች መድቧቸዋል፤ ቀይ ሥጋን ደግሞ ምናልባት ከሚያስከትሉት ተርታ አስቀምጦታል።

ይህን የምጽፈው ወደዚህ አመጋገብ ለመሳብ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ባቆምሁ ነበር። ነገር ግን በእንግሊዝ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ለረጅም ዓመታት የተከታተለው የኦክስፎርድ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው ውጤት፣ ቪጋኖች አጥንታቸው የመሰበር ዕድል ሥጋ ከሚበሉት በ43 በመቶ እንደሚበልጥ፣ በተለይም የዳሌ አጥንት ስብራት በእነሱ ላይ ጎልቶ እንደሚታይ ያሳያል። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የዚያው ጥናት ክፍል ደግሞ ሥጋ የማይበሉ ሰዎች ልባቸውን በደም ቧንቧ ጥበት የመታመም ዕድላቸው በ22 በመቶ ዝቅ ያለ ሆኖ ሳለ፣ በአንጎል ደም መፍሰስና መርጋት የመጠቃት ዕድላቸው በ20 በመቶ ከፍ ያለ ሆኖ አግኝቶታል። ክብደት በጣም መውረዱ፣ የካልሲየምና የፕሮቲን ማነስ ለስብራቱ በከፊል አስተዋጽኦ ሊኖራቸው ይችላል። ሥጋን ማንሣት በራሱ ጤና አይሰጥም፤ በቦታው የሚተካው ነገር ነው ጤናውን የሚሰጠው ወይም የሚነሣው።

ይህን በከተማችን የጾም ምግብ ላይም ማየት ይቻላል። የእናቶቻችን ሽሮ በትንሽ ዘይት፣ በብዙ ሽንኩርትና በሚጥሚጣ ወይም በበርበሬ የሚሠራ ነበር። ዛሬ በየምግብ ቤቱ የሚቀርበው በየዓይነቱ ግን ዘይቱ ከወጡ ላይ ተንሳፍፎ ይታያል፤ ዘይቱም ብዙ ጊዜ የሚረጋው የፓልም ዘይት ሲሆን፣ ከውስጡ ግማሽ ያህሉ ቅቤ ውስጥ እንዳለው ያለ የሚረጋ ስብ ነው። የተጠበሰ ድንች፣ ብስኩት፣ ነጭ ዳቦ በማርማላታና ለስላሳ መጠጥ ከእንስሳት ምንም የለባቸውም፤ በእነሱ የሚኖር ሰው ቪጋን ነኝ ቢል አልዋሸም፣ ሰውነቱ ግን ያው ይጎዳል። ስለዚህ ለጀማሪ የመጀመሪያው ምክሬ ገበታውን በጥራጥሬ ላይ እንዲመሠርት ነው፤ ምስር፣ ክክ፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ አተር።

ስለ ፕሮቲን የሚነሣው ጭንቀት በእኛ ምግብ ላይ ብዙም ቦታ የለውም። ጥራጥሬ ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል በብዛት ሲኖረው ሜቲዮኒን የሚባለው ያንሰዋል፤ እህል ደግሞ በተቃራኒው ነው። ሽሮ በእንጀራ፣ ምስር በዳቦ፣ ስንዴና ሽምብራ ተቀላቅሎ የተቀቀለ ንፍሮ፣ ሁሉም አንዱ የጎደለውን በሌላው ይሞላሉ። በአንድ ማዕድ መገናኘታቸው እንኳ ግድ አይደለም፤ በቀኑ ውስጥ ሁለቱም ከተበሉ ይበቃል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሰው ቁርሱን በሻይና በዳቦ፣ ምሳውን በጎመንና በድንች ብቻ የሚያሳልፈው ነው። ጠዋት በሶ ወይም ፉል፣ ከሰዓት በኋላ ቆሎ በኦቾሎኒ ቢጨምር ችግሩ ይፈታል። ጓያን ግን የዕለት ምግብ ማድረግ አይገባም፤ በድርቅ ዘመን ለወራት በእሱ ብቻ የኖሩ ሰዎች እግራቸው ሽባ እንደሚሆን አገራችን በመከራ የተማረችው ነው።

ብረት ግን ሰፋ ያለ ትኩረት ይፈልጋል፤ በተለይ ለሴቶች። በመውለጃ ዕድሜ ላይ ያለች ሴት በቀን 18 ሚሊ ግራም ያስፈልጋታል፤ ለወንድ 8 ይበቃዋል። ጤፍ በብረት ስለመሞላቱ የሚነገረው ብዙ ነው፤ ነገር ግን በላቦራቶሪ ከሚለካው ብረት ከፊሉ በአውድማ ላይ ሲወቃ ከአፈር የሚጣበቅበት ስለሆነ ሰውነት ሁሉንም አይጠቀምበትም። ከዕፅዋት የሚገኝ ብረት በጠቅላላው ከሥጋው ይልቅ በአንጀት ለመሳብ ይከብዳል፤ በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ያለው ፋይቴት ያስረዋልና። እዚህ ላይ የእናቶቻችን እርሾ ትልቅ ሥራ ይሠራል። ሊጡ ሁለትና ሦስት ቀን ሲቦካ ፋይቴቱ ይፈርሳል፤ በችኮላ በአንድ ቀን ተቦክቶ የሚጋገር እንጀራ ይህን ጥቅም ያጣል። ምስሩ ላይ ሎሚ መጭመቅ፣ አዚፋውን በቃሪያና በሎሚ መሥራት፣ ከሽሮው ጎን የቲማቲም ሰላጣ ማቅረብ ቫይታሚን ሲ ስለሚጨምር ብረቱ ይበልጥ ይሳባል። ከባዱ ነገር ቡናው ነው። ከምሳ ቀጥሎ የሚፈላ ቡናና ሻይ የብረቱን መሳብ በግልጽ ስለሚቀንሱ፣ ደም ማነስ የሚታይባት ሴት ቡናዋን ከምግቡ ቢያንስ አንድ ሰዓት አርቃ ብትጠጣ ትልቅ ለውጥ ታያለች። ቡና የሌለበት ምሳ እንግዳ ለሚሆንበት ቤት ይህ ቀላል ምክር አለመሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም የሚያስቆጭ ነገር አይደለም።

ለካልሲየም የሐበሻው ጎመን ከሁሉ ይሻላል። ቆስጣና ስፒናች ካልሲየም ቢኖራቸውም ኦክሳሌት የሚባለው ነገር ስለሚያስረው ሰውነት ጥቂቱን ብቻ ያገኛል፤ በጎመን ውስጥ ያለው ግን በደንብ ይሳባል። ሰሊጥና ጤፍም ይረዳሉ። በውጭ አገር የሚኖር ሰው ካልሲየም የተጨመረበት የአኩሪ አተር ወተት ከየመደብሩ ማግኘት ይችላል። ከዚህ ጋር የፀሐይ ጉዳይ አለ፤ በስካንዲኔቪያ ወይም በሰሜን አሜሪካ ረጅሙን ክረምት የሚያሳልፍ ጠቆር ያለ ቆዳ ያለው ወገናችን የቫይታሚን ዲ እንክብል ያስፈልገዋል፤ ሥጋ ቢበላም ባይበላም። ጨውም አዮዲን ያለበት ይሁን፤ እንቅርት በደጋው አገራችን የኖረበት ምክንያት የአፈራችን አዮዲን ማነስ ነውና።

ተልባን እወደዋለሁ፤ ሰዎች ሲንቁት ስሰማም አዝናለሁ። ዓሣ ለማይበላ ሰው ተልባ የኦሜጋ 3 ቅባት ዋነኛ ምንጭ ነው፤ በፍትፍትም ሆነ በመጠጥ መልክ ማንኪያ ሁለት ማንኪያ በቀን ይበቃል። ሳይፈጭ የተዋጠ ተልባ እንዳለ ስለሚወጣ መፈጨት አለበት፤ ተፈጭቶ የከረመ ደግሞ ስለሚበላሽ በትንሽ በትንሹ መፍጨት ይሻላል። ሰውነት የተልባውን ቅባት ለአንጎልና ለዓይን ወደሚያስፈልገው ዓይነት የሚለውጠው በጥቂቱ ስለሆነ፣ ነፍሰ ጡር ሴት ከባሕር አልጌ የሚወጣውን ዘይት ለመጠቀም ሐኪሟን ብታማክር መልካም ነው።

አሁን የፍስኩ ቀን በዝምታ ይሠራው ወደነበረው ሥራ ልመለስ። ቫይታሚን ቢ12 የሚሠራው በባክቴሪያ ብቻ ነው፤ እንስሳት ከሆዳቸው ባክቴሪያ ወይም ከሚበሉት አግኝተው በሥጋቸው፣ በወተታቸውና በእንቁላላቸው ያስቀምጡታል፤ ዕፅዋት ግን አይሠሩትም። እንጀራው ስለቦካ፣ ስልጆው ስለተጠነሰሰ ወይም ጎመኑ ሳይታጠብ ስለተበላ ይገኝበታል የሚለው አስተማማኝ አይደለም፤ ስፒሩሊና በሚባለው አልጌ ውስጥ አለ የሚባለውም አብዛኛው ሰውነት የማይጠቀምበት አምሳያው ነው። አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 2.4 ማይክሮግራም ብቻ ሲሆን፣ ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ያከማቻል። ጾመኛው ወገናችን ሁዳዴን በሙሉ ያለ ችግር የሚዘልቀው በዚህ ክምችት ነው፤ በፋሲካ ደግሞ መልሶ ይሞላዋል። ቪጋኑ ግን ከክምችቱ እያወጣ እንጂ እያስገባ አይደለም፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ዓመት፣ ምናልባትም ሁለተኛውና ሦስተኛው፣ ምንም ሳይሰማው ያልፋል። አደገኛነቱም በዚሁ ነው። ጉድለቱ ሲገለጥ በደም ማነስና በድካም፣ እጅና እግርን በመደንዘዝና በመውረር፣ በመርሳትና ሚዛን በማጣት ይመጣል፤ የነርቩ ጉዳት ከዘገየ ላይመለስ ይችላል። በጎመንና በምስር ውስጥ በብዛት ያለው ፎሌት የሚባለው ቫይታሚን ደግሞ ደም ማነሱን ስለሚሸፍነው፣ ተራው የደም ምርመራ ደህና ነህ እያለ ነርቩ ሊጎዳ ይችላል።

በ1944 የተሰባሰቡት እንግሊዛውያን ይህን ሊያውቁ የሚችሉበት መንገድ አልነበረም፤ ቢ12 ተለይቶ የታወቀው ከአራት ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። ዛሬ ያው ማኅበር አባላቱን ቢ12 ከተጨመረበት ምግብ ካላገኙ ቢያንስ 10 ማይክሮግራም በየቀኑ፣ ወይም ቢያንስ 2000 ማይክሮግራም በሳምንት በእንክብል እንዲወስዱ ይመክራል። የሳምንቱ መጠን ከየቀኑ ድምር እጅግ የሚበልጠው አንጀት በአንድ ጊዜ መሳብ የሚችለው ጥቂት ስለሆነ ነው። ይህ ለእኔ ከምንም ነገር በላይ የማላቅማማበት ምክር ነው፤ እንክብሉን መውሰድ የማይፈልግ ሰው ጨርሶ ቪጋን ባይሆን ይሻለዋል እላለሁ። በተለይ የምታጠባ እናት ቢ12 ሳይኖራት ብትቀር ጉዳቱ ክምችት በሌለው ሕፃን ላይ በጥቂት ወራት ውስጥ ይታያል። ለስኳር በሽታ ሜትፎርሚን የሚወስድ ሰውም መድኃኒቱ ራሱ ቢ12ን ስለሚቀንስበት በእጥፍ መጠንቀቅ አለበት።

በቤተሰብ መካከል መኖሩ ለብዙዎች ከምግቡ ይልቅ ይከብዳቸዋል። በጾም ወራት ማንም አይጠይቅም፤ ፋሲካ ሲደርስ ነው ጥያቄው የሚጀምረው። እናቴ «ልጄ፣ ሽሮው ላይ ትንሽ ቅቤ ጠብ ላድርግበት? ፊትህ ከሳ እኮ» ትለኝ ነበር፤ እኔም «እማዬ፣ በጾሙ እንደምትሠሪው አድርጊልኝ፣ እሱ ነው የሚጣፍጠኝ» እላታለሁ። ይህ መልስ ከየትኛውም የጤና ክርክር ይበልጥ ሠርቷል፤ የእጇን ሙያ አላቃለለምና። በሰው ቤት የሥጋ ጉርሻ ሲዘረጋ በአክብሮት «ለጤናዬ ትቼው ነው፣ ከጎመኑ አጉርሱኝ» ማለት ይበቃል። በምግብ ቤት ደግሞ በፍስክ ቀን የሚመጣ ሽሮና ጎመን ቅቤ ሊኖርበት ስለሚችል «የጾም ነው?» ብሎ መጠየቅ ግድ ነው። ማር ግን በጾም ስለሚፈቀድ በዚህ ጥያቄ አይያዝም፤ ማርንም የሚተው ሰው ለብቻው ይጠይቅ።

ለመጀመር የሚመቸው ጊዜ ጾም የሚፈታበት ሰሞን ይመስለኛል፤ አንጀት ከጥራጥሬው ጋር ተላምዷል፣ እጅም ወጡን ለምዷል። የማይጾም ሰው በሳምንት ሁለት ቀን ጀምሮ ቢያሰፋ ሆዱ እንዳይነፋ ይረዳዋል፤ ሽምብራና ባቄላን አሳድሮ መዘፍዘፍና የዘፈዘፉበትን ውኃ መድፋትም እንዲሁ። የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቁጥሮቹ ሲወርዱ መጠኑ መስተካከል ስላለበት ከሐኪሙ ጋር ይጀምር። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ጎመንን በድንገት ማብዛት የለበትም፤ በጎመን ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሳል። የኩላሊት ሕመምተኛም ጥራጥሬና አትክልት ከማብዛቱ በፊት በደሙ ውስጥ ያለውን የፖታሲየም መጠን ያስለካ። ሌላው ሁሉ ከመጀመሩ በፊት ሄሞግሎቢን፣ ፌሪቲን (የተከማቸ ብረት መለኪያ)፣ ቢ12ና የኮሌስትሮል ምርመራ አድርጎ ወረቀቱን ቢያስቀምጥ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ኮሌስትሮሉ ወዴት እንደሄደ በዓይኑ ያየዋል፤ ቢ12ንና ፌሪቲንን ግን በየዓመቱ ይድገም፤ በመካከሉ ጣቶቹ መደንዘዝ ከጀመሩ ደግሞ ዓመቱን ሳይጠብቅ ይሂድ።